የፋርስ በረንዳ ጠባሴ ላይ ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከመምህርነት ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ላይ ቤት እየጨረስኩ ነው። ልጄ በስልኳ የኢራንን የድሮ ቤቶች በረንዳ አሳየችኝና እንቅልፍ አጣሁ። ግድግዳው ሁሉ አበባ፣ ጣሪያው መስታወት። አበባውን ከምን ነው የሚሠሩት? እኛ ጋስ ይሆናል ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እንቅልፍ ቢያጡ አይገርመኝም። እኔም እነዚያን በረንዳዎች አይቼ አልጠግብም።

አበባው አብዛኛው ጄሶ ነው። ያው እኛ ለኮርኒስ የምንጠቀምበት ጄሶ። ጄሶ እንደሚያውቁት ከተበጠበጠ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠጥራል፣ ለሠሪው ፋታ አይሰጥም። የፋርስ ባለሙያዎች ታዲያ መጠጠር ሲጀምር ሳያቋርጡ ያማስሉታል፤ ያን ጊዜ ቶሎ መድረቁን ትቶ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፣ ለስስ ሥራም ይመቻል። "የተገደለ ጄሶ" ይሉታል፣ ስሙን በጣም ነው የምወደው።

በረንዳቸው ግን እንደ እኛ ወደ መንገድ አያይም። ኢዋን ይባላል፤ በሦስት በኩል ግድግዳ አለው፣ በአንዱ በኩል ገንዳ ወዳለበት የውስጥ ግቢ ይከፈታል። ካሻን ከተማ ያለውን የቦሩጀርዲን ቤት ይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1857 ግድም የተጀመረ ነው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን በያዙ በሁለት ዓመቱ መሆኑ ነው። ከመንገድ ሲያዩት የጭቃ ግንብ ነው፣ ጌጡ በሙሉ የቤተሰቡና የእንግዳው ነው።

አሁን ፎቶዎቹን እንደገና ይክፈቱና ከታች ወደ ላይ ይዩዋቸው። ብዙዎቹ ላይ ከወለሉ አጠገብ ያለው ድንጋይ ነው፣ ምክንያቱም ውሃ የሚረጨው፣ ሰው የሚደገፈው፣ ልጅ በእግሩ የሚመታው እዚያ ነው። ከድንጋዩ በላይ የጄሶው አበባ ይጀምራል። ማዕዘኑ ወደ ጣሪያው ቅስት በሚዞርበት ቦታ ደግሞ እንደ ማር እንጀራ የተደራረቡ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ፣ ሞቃርናስ የሚሉት። መስታወቱ ብዙውን ጊዜ እጅ የማይደርስበት ላይ ነው። ሺራዝ ባለው የቃቫም ቤት የበረንዳው መስታወት በጥቃቅኑ ተቆርጦ ስለተገጠመ አንዲት መብራት ሺህ ሆና ትታያለች። ጌጡ የተቀመጠው ጉዳት በማያገኘው ቦታ ነው። እኔ ከጌጡ በላይ ይሄን ነው የማደንቀው።

እኛ ጋ ችግሩ ዝናብና ውርጭ ነው። ካሻን በዓመት የሚያገኘው ዝናብ የደብረ ብርሃንን የሐምሌ ዝናብ እንኳ አያክልም። ጄሶ ደግሞ ውሃ ጠላቱ ነው፤ ሲርስ ይላላል፣ የገባው ውሃ በታኅሣሥ ሌሊት በረዶ ሲሆን ይሰፋና ቆዳውን ይልጠዋል። ስለዚህ ግንበኛዎ በረንዳውን በሙሉ በጄሶ ልሥራው ካለ እባክዎ እሺ አይበሉት።

እንዲህ ያድርጉ። በዚህ ክረምት ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በመጣ ቁጥር በረንዳው ላይ እስከየት እንደሚረጥብ አይተው ወለሉንና ግድግዳውን በሚስማር ይጫሩት። ከጭረቱ ወደ ውጭ ያለው የጥቁር ድንጋይና የእንጨት ነው፣ ወደ ውስጥ ያለው የኋላ ግድግዳና ጣሪያ የጄሶ ይሁን። ክዳኑን ረዘም ቢያደርጉት ለጄሶው የሚተርፈው ቦታ ይሰፋል። በረንዳው ወደ ደቡብ የሚያይ ከሆነ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ገብታ ታሞቅዎታለች፣ እርጥበቱንም ታደርቃለች።

ስለ አበባው አንድ ነገር ልለምንዎት። ፋርሶች ኢስሊሚ የሚሉት ቅርጽ እየተጠማዘዘ የሚሄድ የተክል ሐረግ ነው። እኛም እኮ በብራና መጻሕፍታችን ምዕራፍ ራስ ላይ የሚሳለው ጌጥ ስሙ ራሱ ሐረግ ነው! ቅርጹን ከስልክ ከሚገለብጡ በአካባቢዎ ያለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ፈልገው አንድ ሐረግ በወረቀት ያስነሡ። መጀመሪያ በእንጨት ምሰሶው ላይ ያስቀርጹት፣ ካማረዎት ያንኑ ሐረግ የኋላውን ግድግዳ ጄሶ ላይ ይድገሙት። መስታወቱ ይቆይ፣ እሱ ጣሪያው አንድ ክረምት ሳያፈስ ካለፈ በኋላ የሚገባ ነው።