ኦሪትን «ስለ ስሟ» መማር

ጥያቄ፦ በልጅነቴ በጎንደር የአብነት ትምህርት የተማርሁ ሰው ነኝ። አይሁድ ማዕረግም ደመወዝም ሳይሹ ኦሪትን ዕድሜ ልካቸውን እንደሚያጠኑ፣ ቤተ መቅደሳቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ70 ከፈረሰ ወዲህ የማይፈጸመውን የመሥዋዕት ሕግ እንኳ እንደማይተዉ አነበብሁ። በሥራ ላይ የማይውል ትምህርት ምን ይረባቸዋል?

መልስ፦ ሊቃውንቶቻቸው ይህን ጥናት «ቶራ ሊሽማ» ይሉታል፤ ኦሪትን ስለ ስሟ፣ ማለትም ስለ ራሷ መማር ነው። ለጥያቄዎ እጅግ የሚቀርበው፣ የረቢዎች (የአይሁድ መምህራን) የሕግ ክርክርና ትርጓሜ የተሰበሰበበት ታልሙድ ስለ ዐመፀኛው ልጅ የሚያነሣው ክርክር ይመስለኛል። ዘዳግም ምዕራፍ 21 ለወላጆቹ አልታዘዝም ያለ ልጅ በድንጋይ ተወግሮ እንዲሞት ያዝዛል፤ ሊቃውንቱ ግን እያንዳንዱን ቃል ሲመረምሩ ቅድመ ሁኔታው እየበዛ ሄዶ «እንዲህ ያለ ልጅ አልነበረም፤ አይኖርምም» እስከ ማለት ደረሱ። ታዲያ ስለምን ተጻፈ? «መርምረህ ዋጋ ትቀበልበት ዘንድ» የሚል ነው መልሱ። ረቢ ዮናታን በበኩላቸው «አይቼዋለሁ፤ በመቃብሩም ላይ ተቀምጫለሁ» ብለው ተቃወሙ፤ ታልሙድ ይህንንም ሳይሰርዝ ጎን ለጎን አኑሮታል፤ የአንድምታን ትርጓሜ «አንድም» እያለ ሲደራርብ የሰማ ጎንደሬ ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም። አሽከናዝ የሚባሉት፣ ወጋቸው ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ የሆነ አይሁድ በየማለዳው የሚያደርሱት ቡራኬም አምላክ «በኦሪት ቃል እንድንጠመድ» አዘዘን ይላል እንጂ እንድናውቅ አዘዘን አይልም፤ መጠመዱ ራሱ አምልኮ ነውና።

ስለ ደመወዙ ረቢ ጻዶቅ ኦሪትን የምትከብርበት አክሊል፣ የምትቆፍርበትም መሣሪያ አታድርጋት ብለዋል። ሆኖም ታልሙድ ለሌላ ዓላማ የጀመረውን ሰው አያባርርም፤ ስለ ስሟ ባይሆንም ይማር፣ ከዚያ ተነሥቶ ስለ ስሟ ወደ መማር ይደርሳልና ይላል። ይህ ርኅራኄ በእኔ ግምት የትምህርቱ ዋና ውበት ነው፤ ማናችንስ ንጹሕ ልብ ይዘን ፊደል ቆጠርን?

ሥራን ንቀው ነው እንዳይሉም በልዳ ከተማ የሆነውን ልንገርዎ። ጥናት ይበልጣል ወይስ ሥራ ተብሎ ሲጠየቅ ረቢ ጣርፎን ሥራ፣ ረቢ አቂባ ጥናት አሉ፤ ጉባኤውም «ጥናት ይበልጣል፤ ወደ ሥራ ያደርሳልና» ብሎ ወሰነ።

አንድ ነገር ግን ይለዩልኝ። በወለቃና በአካባቢው የኖሩት ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግእዝ ከቄሶቻቸው ይሰሙ ነበር እንጂ ታልሙድን አያውቁትም ነበር፤ ከላይ የጻፍሁት የረቢዎቹ ወግ ነውና የእነርሱ አድርገው አይውሰዱት።