ፈሪሳውያንን አጥንቼ ምን እበላለሁ?

አንድ የሦስተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ዲያቆን ነኝ። ጎጃም ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ። በክርስትና መጀመሪያ ዘመን ስለነበሩት ፈሪሳውያን፣ ሰዱቃውያን፣ ኤሴናውያንና ግኖስቲኮች ማጥናት እፈልጋለሁ። አጎቴ ግን ‹እሱ እንጀራ አይሆንም፣ አካውንቲንግ ግባ› ይለኛል። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ አጎትህን አትቀየመው። «ስለ ፈሪሳውያን ያጠና ይፈለጋል» የሚል የሥራ ማስታወቂያ እኔም እስከ ዛሬ አላየሁም። ግን ደብዳቤህ ላይ አንድ ነገር እንደ ዋዛ ጠቅሰህ አልፈሃል። ቅኔ ቤት መቀመጥህን። ገበያ ይዘኸው የምትወጣው እሱን ነው።

ለምን መሰለህ? እ.ኤ.አ. በ1947 ሙት ባሕር አጠገብ፣ ቁምራን ዋሻዎች ውስጥ፣ ጥንታዊ ጥቅሎች መገኘት ጀመሩ። ብዙ ምሁራን የኤሴናውያን፣ ማለትም በማኅበር ይኖሩ የነበሩ የአይሁድ ወገን፣ ናቸው ይላሉ። ከነሱ መካከል መጽሐፈ ሄኖክ በአረማይክ፣ ኩፋሌ ደግሞ በዕብራይስጥ ተገኝተዋል። ግን ቁርጥራጭ ናቸው። ሁለቱም ሙሉ ሆነው የተረፉት በግዕዝ ነው። በምሁራኑ አቆጣጠር ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው፣ ስለ «የሰው ልጅ» የሚናገረው የሄኖክ ክፍል ደግሞ ቁምራን ላይ ጨርሶ አልተገኘም። ስለዚህ በጌታ ዘመን አይሁድ ስለ መሲሕ ምን ይሉ እንደነበር የሚመረምር ጀርመናዊ ግዕዝ መማር ግድ ይለዋል። እሱ በሠላሳ ዓመቱ ከሀሁ ይጀምራል። አንተ ግሱን በቃልህ ይዘኸዋል።

ግኖስቲኮቹን፣ መዳን በምስጢራዊ ዕውቀት ነው ባዮቹን፣ ለጊዜው ተዋቸው። ዋናው ምንጫቸው እ.ኤ.አ. በ1945 ግብፅ፣ ናግ ሐማዲ የተገኙት መጻሕፍት ናቸው። የተጻፉትም በጥንቱ የግብፅ ክርስቲያኖች ቋንቋ፣ በቅብጥ ነው። እዚያ አንተም ከዜሮ ጀማሪ ነህ።

አንድ ነገር ግን ጠንቀቅ በል። ኤሴናውያን ከ4,000 በላይ እንደነበሩ የጻፈው የ1ኛው ክፍለ ዘመኑ አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ ነው። የእኛ «ዜና አይሁድ» የዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ይባላል እንጂ የዮሴፉስ ሥራ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን በዕብራይስጥ ተጽፎ በዓረብኛ በኩል ወደ ግዕዝ የመጣ ሌላ መጽሐፍ ነው። ፕሮፌሰር ፊት ሁለቱን ካምታታህ አለቀልህ።

ሥራውስ? አልዋሽህም፣ ቋሚ ቦታ ጥቂት ነው። ያለው በአብዛኛው የብራና ሥራ ነው፤ ማንበብ፣ ካታሎግ ማድረግ፣ ዲጂታል ማድረግ፣ ማስተማር። ትምህርትህን አታቋርጥ። የመመረቂያ ጽሑፍህን በኩፋሌ ላይ ሥራ። ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊሎሎጂ (የጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት) ማስተርስ አለ። ቀጥሎ ዓይንህን ጀርመን ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ላይ ጣል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመኑ የግዕዝ አጥኚ በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል አለው። አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምም ትልቅ የግዕዝ ብራናዎች ክምችት አለው። የግዕዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት የሠሩት እዚያ ነበር።

አጎትህን ደስ ለማሰኘት ከፈለግህ በአካውንቲንጉ ፋንታ ኮምፒውተር ተማር። ሃምቡርግ ላይ የብራና መዝገብ የሚጻፈው በኤክስኤምኤል ነው፤ ኮምፒውተር እንዲለየው ጽሑፍ ላይ ምልክት እያደረጉ የሚጽፉበት መንገድ ነው። ግዕዝ ከነቅኔው የሚያውቅ፣ ኤክስኤምኤልም የሚጽፍ ሰው ብዙ አታገኝም። ግሪክኛም ከአሁኑ ጀምር።

ለውጭ መምህር ስትጽፍ ደግሞ «ግዕዝ እችላለሁ» ብለህ አትለፍ። የት፣ ስንት ዓመት፣ እስከምን ድረስ እንደተማርህ ዘርዝር። ቅኔ ቤት ምን እንደሆነ በሁለት መስመር አስረዳው፤ ላያውቀው ይችላል።