ዶክተር ያልሆነ ተጋባዥ ተመራማሪ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድሬዳዋ ጉምሩክ 14 ዓመት ዕቃ ፈትሻለሁ፤ ማስተርስ አለኝ። የኢኮኖሚ ፖሊሲ ጥናት ተቋም በተጋባዥ ተመራማሪነት እንዲቀበለኝ የግድ ዶክተር መሆን አለብኝ? (ከከዚራ)

መልስ፦ አቦ፣ ሁሉም ቦታ የግድ አይደለም! ብዙዎቹ ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ ግን ከማዕከላዊ ባንክ፣ ከገንዘብ ሚኒስቴር፣ ከጋዜጠኝነትም የሚመጡ አሉ። ቤን በርናንኬ ከ2006 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ መርተው ሲወጡ ብሩኪንግስ የተባለው የአሜሪካ የፖሊሲ ጥናት ተቋም ገቡ። እሳቸው ዶክተር ናቸው፣ አልክድም። አንተ ደግሞ ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነር ለምን እንደሚቆም፣ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ ማሳወቂያ ሰነድ) ምን ጎድሎት እንደሚመለስ፣ እዚያው ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የሚዘረጋው ጨርቅ በየት እንደዞረ ታውቃለህ። ማመልከቻህ ላይ «የረጅም ጊዜ ልምድ» ብለህ አትለፈው። አንዱን ጉዳይ መርጠህ ሁለት ገጽ የጥናት ሐሳብ ጻፍ። የመሥሪያ ቤትህን ምስጢር ግን አደራ!