አንድን አልበም አሥር ጊዜ

ጃዝ መስማት ፈልጋችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ለገባችሁ ወጣቶች፤

«ጃዝ አይገባኝም» ከምትሉት ብዙዎቻችሁ ጃዝን ተቀምጣችሁ ሰምታችሁት አታውቁም። ካፌ ውስጥ ስታወሩ ወይም ስታጠኑ ከጀርባችሁ ሲያልፍ ነው የምታውቁት። አዝማሪ ቤት ገብቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ስልኩን ሲነካካ ለሚያመሽ ሰው የግጥሙ ወርቅ አይደርሰውም። ጃዝም እንደዚያው ነው። አዝማሪው «ተቀበል» ሲባል የተሰጠውን ቃል ይዞ እዚያው እንደሚገጥም ሁሉ፣ የጃዝ ተጫዋችም ጎኑ ያለው ሰው አሁን የጣለለትን ነገር አንስቶ ነው የሚሠራው። ያንን ቅብብል ለመያዝ ሥራ ፈትቶ መስማት ያስፈልጋል።

ስለዚህ መቶ ዘፈን የተደረደረበት ፕሌይሊስት አትክፈቱ። አንድ አልበም ምረጡና ለአንድ ወር እሱን ብቻ ስሙ። የኔ ምርጫ የጥሩምባ ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ነው። በ1959 (ቀኑንም ዓመቱንም ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) መጋቢት 2 እና ሚያዝያ 22፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ የኒው ዮርክ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀረጸ። ይህን የምመርጠው ስሙ ስለገነነ አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው የቢቦፕ አጨዋወት ኮርዱ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ) በየባሩ፣ ማለትም በየአራት ምቱ፣ አንዳንዴም በየሁለት ምቱ ስለሚቀያየር አዲስ ጆሮ ይደክማል። እዚህ ግን ተጫዋቹ አንድ ስኬል (የድምፆች መሰላል) ይዞ ስምንት ወይም አሥራ ስድስት ባር ይጓዛል። ከትዝታና ከባቲ ጋር ያደገ ሰው አንድ ቅኝት ይዞ ሩቅ መሄድን ያውቀዋል። ልዩነቱ የኛዎቹ ቅኝቶች አምስት ድምፅ ሲኖራቸው እዚህ ያሉት ሰባት መሆናቸው ነው።

የመጀመሪያውን ሥራ፣ «ሶ ዋት»ን፣ እንውሰድ። ርዝመቱ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃያ ሁለት ሰከንድ ነው። ፒያኖና ቤዝ ብቻቸውን፣ ቋሚ ምት ሳይዙ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይከፍታሉ፤ እዚያ ላይ አትቁጠሩ። ከዚያ ቤዙ ዜማውን ይጀምራል፣ ሌሎቹም በሁለት ድምፅ ይመልሱለታል። መሪና ተቀባይ ማለት ነው። መቁጠር የምትጀምሩት እዚህ ነው። በእግራችሁ ምቱን ያዙና «አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ ሁለት ሁለት ሦስት አራት፣ ሦስት ሁለት ሦስት አራት» እያላችሁ እስከ ስምንት ሂዱ፤ መጀመሪያ ላይ የምትጠሩት ቁጥር የባሩ ነው። ስምንት ሲሞላ እንደገና ከአንድ። እንዲህ አራት ጊዜ ስትቆጥሩ 32 ባር ይሞላል፣ አንድ ዙርም ያልቃል። ከአራቱ ስምንቶች ሦስተኛው ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ከሬ ወደ ሚ ቤሞል፤ አራተኛው ወደ ቦታው ይመለሳል። ያ ከፍታ የመንገድ ምልክታችሁ ነው። ቆጠራው ቢጠፋችሁ እሱን ጠብቁና እንደገና ግቡ።

ቆጠራው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በሶሎው ላይ ነው፣ ምክንያቱም ጆሮ ዜማውን ይከተላል። ጥሩ ሶሎ ተጫዋች ደግሞ ሐረጉን የባሩ በር ላይ አይጀምርም፤ ቀድሞ ይገባል ወይም ዘግይቶ ይደርሳል። እሱን ከተከተላችሁ አብራችሁት ትስታላችሁ። ወደ ቤዙ ተመለሱ። ፖል ቻምበርስ ለአንድ ምት አንድ ድምፅ እየጣለ ይራመዳል፣ አይስትም። ቤዙ ካልተሰማችሁ ድራመሩ በግራ እግሩ የሚዘጋትን ሲምባል ፈልጉ፤ ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ «ጭ» ትላለች። ማጨብጨብ ካማራችሁም እዚያው ላይ አጨብጭቡ። አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ስታጨበጭቡ ሙዚቃው የሚከብደው ለዚህ ነው።

አንድ ዙር አንድ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ማይልስ ሁለት ዙር፣ ጆን ኮልትሬን ሁለት፣ ካነንቦል አደርሊ ሁለት፣ ቢል ኢቫንስ በፒያኖ አንድ ዙር ይጫወታሉ። ስለዚህ ይህን አንድ ሥራ በተለያየ ጆሮ ደጋግማችሁ ስሙት። አንድ ቀን ቤዙን ብቻ፣ ሌላ ቀን ሲምባሉን ብቻ። አንድ ቀን ደግሞ ሌሎቹ ሶሎ ሲይዙ ፒያኖው ከኋላ ምን እንደሚያደርግ፣ በተለይ የት ዝም እንደሚል ስሙ። ከዚያ ሁለቱን ሳክስፎኖች አነጻጽሩ። ኮልትሬን ድምፁን እየቆለለ ይወጣል፣ ካነንቦል ብሉዝ እየቀባ ይወርዳል። አሥረኛው ላይ ስትደርሱ ሳትቆጥሩ የት እንዳላችሁ ታውቃላችሁ፤ እኔ «ገባኝ» የምለው ይህን ነው።

«ኦል ብሉዝ» ለሐበሻ እግር ቅርብ ነው፤ በስድስት ምት ይሄዳል። የችክችካ ጆሮ ያላችሁ በቀላሉ ትገቡበታላችሁ፣ ነገር ግን ጉልበቱ የሚያርፍበት ቦታ ስለሚለይ ችክችካውን በግድ አትጫኑበት። አንድ ነገር ደግሞ መሣሪያ ለምትጫወቱ፦ የድሮ ሸክላ አግኝታችሁ አብራችሁ ስትጫወቱ የመጀመሪያው ገጽ አልገጥም ካለ መሣሪያችሁን አትጠምዝዙ። በመጋቢቱ ቀረጻ ላይ የቴፕ ማሽኑ በዝግታ ይዞር ስለነበር በትክክለኛ ፍጥነት ሲከፈት ድምፁ ከትክክለኛው ቅኝት ትንሽ ይቀጥናል። ስህተቱ የታረመው በ1992 እትም ነው።

ዕቃውን በተመለከተ ውድ ነገር አያስፈልጋችሁም፤ ግን በስልክ ድምፅ ማጉያ አትስሙ። የቤዙ (የኮንትራባሱ) ወፍራሙ ገመድ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፣ የስልኩ ማጉያ ደግሞ ያን ያህል ወፍራም ድምፅ አያወጣም፤ የምትቆጥሩበት ሰው ከክፍሉ ወጣ ማለት ነው። ርካሽ ባለ ገመድ ማዳመጫ ከዚያ ይሻላል። አንዱን ጆሮ ለጓደኛ ማካፈልም ይቅር፦ በዚያ ዘመን ስቴሪዮ መሣሪያዎቹ ግራና ቀኝ ተለይተው ስለሚቀመጡ አንዱ ሳክስፎን አብሮ ይሄድባችኋል። ቤዝ የሚያጎላውን ማስተካከያ አጥፉት፤ ድምፆቹን አንድ ላይ አቅልጦ ጉምጉምታ ያደርጋቸዋል። ዘፈን የሚያዘበራርቀውንም አጥፉ፣ የአልበሙ ቅደም ተከተል ታስቦበት የተሠራ ነው። ድምፁን መጠን አድርጉ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ 90 ላይ ግን ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። የተጎዳ ጆሮ አይመለስም፣ እባካችሁ።

ወሩ ሲያልቅ ወደ ኮልትሬን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ሂዱ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1964 በአንድ ቀን የተቀረጸ፣ አራት ክፍል ያለው ሥራ ነው። የመጨረሻውን ክፍል ያለ ጽሑፍ አትስሙት። አልበሙ ውስጥ የታተመ የኮልትሬን ጸሎት አለ፤ ሳክስፎኑ ያንን ጸሎት ቃል በቃል እያነበበው ነው። ጽሑፉን ይዛችሁ ስትከተሉ ሐረጉ የት እንደሚሰበር፣ ትንፋሹ የት እንደሚወሰድ ይታያችኋል። ዜማ ቃልን ተከትሎ ሲሄድ በቤተ ክርስቲያን የሰማ ሰው ይህን ለማወቅ አስተማሪ አይፈልግም።

ከቤታችን ደግሞ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»፣ 1972፣ ኒው ዮርክ የተቀረጸ። ሙላቱ አስታጥቄ ያነሳው ችግር ከባድ ነው፦ በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የጃዝ ኮርድ ስትጭኑበት ቅኝቱ ከሌለው ድምፅ ጋር ይጋጭና መልኩን ያጣል። የት እንደጠበቀው፣ የት እንደደፈረ ስሙ። ጌታቸው መኩሪያን አትርሱ፤ ሽለላን ወደ ሳክስፎን አምጥቶ ያስፎከረ ሰው ነው። መጫወት የምትፈልጉ አራቱን ቅኝቶች መጀመሪያ በድምፃችሁ ያዙ። አንቺሆዬን ያለ መሣሪያ አዚማችሁ በስልክ ቅረጹና መልሳችሁ ስሙ፤ ሁለተኛው ድምፅ ከፍ ብሎ ከተገኘ ገና አልያዛችሁትም። በጆሮ የተቃኘ ክራር ከፒያኖ ጋር ልክ ባይገጥም ደግሞ ክራሩ ተሳስቶ አይደለም፤ የፒያኖ አቃኛኝ ለሁሉም ቁልፍ እንዲስማማ ተብሎ የተመጠነ ነው።

ከፊልም ሁለት ይበቃል። የዳይሬክተር ሉዊ ማል ፊልም የ«ሊፍት ቱ ዘ ስካፎልድ» ሙዚቃ ታኅሣሥ 1957 ፓሪስ ውስጥ ተሠራ፤ ማይልስና ጓደኞቹ የፊልሙን ቁርጥራጭ እያዩ እዚያው ተጫወቱት። ተዋናይቷ ዣን ሞሮ በሌሊት መንገድ ላይ የምትሄድበትን ክፍል መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ፣ ቀጥሎ ከፍታችሁ እዩት። ጥሩምባው እርምጃዋን አይከተልም፣ ልቧን ነው የሚከተለው። ሁለተኛው የ1986ቱ «ራውንድ ሚድናይት» ነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ዴክስተር ጎርደን ራሱ ሳክስፎኒስት ነው፣ ሙዚቃውም ካሜራ ፊት የተቀረጸ ስለሆነ ትንፋሹና ጣቱ ከድምፁ ጋር አይጣላም።

የጃዝ ፊልሞች ግን መጠጥና ሱስን ከችሎታ ጋር ያስተሳስራሉ፣ ይህ ያሳስበኛል። ሳክስፎኒስቱ ቻርሊ ፓርከር በ1955 ሲሞት 34 ዓመቱ ነበር። በእሱ ዘመን ብዙ ወጣት ተጫዋቾች ጥበቡ ከሄሮይን የመጣ መስሏቸው ተከተሉት። እሱ ግን ስለ ልምምዱ ሲጠየቅ ለሦስት አራት ዓመት በቀን ከ11 እስከ 15 ሰዓት ይለማመድ እንደነበር ተናግሯል። ከእሱ የምትወስዱት ያንን ሰዓት ይሁን። ጃዝ «የመጣለትን መጫወት» የሚመስላችሁም የፒያኒስቱን የቴሎኒየስ መንክን «ብሪሊያንት ኮርነርስ» አስቡ፦ በ1956 የርዕሱን ሥራ 25 ጊዜ ሞክረው አንዱም ሙሉ ሆኖ አልወጣም፣ አዘጋጁ ቴፑን ቆርጦ ነው የቀጠለው። ተጫዋቾቹ እነማን ነበሩ? ከጃዝ ታላላቆች መካከል የሚቆጠሩት ሳክስፎኒስቱ ሶኒ ሮሊንስና ድራመሩ ማክስ ሮች ነበሩበት። ለሥራ ፈተና፣ ለጥናት፣ ላልተሳካ ቃለ መጠይቅ ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

በመጨረሻ ከማዳመጫው ወጥታችሁ በአካል ሂዱና ስሙ። ከመድረኩ ፊት መሐል ሳይሆን ድራመሩና ቤዙ እርስ በርስ ሲተያዩ የምታዩበት ጎን ላይ ተቀመጡ። ሶሎ ሲያልቅ አጨብጭቡ፣ ሙዚቃው እስኪያልቅ አትጠብቁ። የቤዝ ሶሎ ሲመጣ ሌሎቹ ዝቅ ስለሚሉ ሰው ወሬ የሚጀምረው ያኔ ነው፤ እናንተ ያኔ ዝም በሉ፣ አስተናጋጁንም ቆይታችሁ ጥሩት።