«ኮርን» ሁልጊዜ በቆሎ ነው?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። ልጆቹ የዮሴፍን ታሪክ ከቆየው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንብበው፣ ፈርዖን በሕልሙ ያየውን ሰባት ራስ በቆሎ አድርገው ሣሉት። እንግሊዝኛው «ኮርን» ነው የሚለው፤ አማርኛው ደግሞ «እሸት»፣ «እህል» ይላል። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ አማርኛው ትክክል ነው፤ እንግሊዝኛውም አልተሳሳተም። እ.ኤ.አ. በ1611 የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ሲታተም «ኮርን» ማለት እህል ነበር። በቆሎ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ ኮሎምበስ በ1492 ከመሻገሩ በፊት በግብፅም በከነዓንም የሚያውቀው አልነበረም።

ቃሉ ጥንት የሚጠራው አንዲትን ጠንካራ ፍሬ ነበር። ለዚህ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተሻለ ምስክር አላውቅም። እኛ «የስንዴ ቅንጣት» የምንለውን ያ ትርጉም «ኤ ኮርን ኦፍ ዊት» ይለዋል። ኮርን በቆሎ ብቻ ቢሆን «የስንዴ በቆሎ» ልንል ነው! የቁንዶ በርበሬ ፍሬ ዛሬም «ፔፐርኮርን» ይባላል፤ በቆርቆሮ የሚሸጠው «ኮርንድ ቢፍ»ም ስሙን ያገኘው ሥጋው ከታሸበት የጨው እንክብል እንጂ ከበቆሎ አይደለም።

ከፍሬው ተነሥቶ ቃሉ የአዝመራው ሁሉ ስም ሆነ። በእንግሊዝ አገር ኮርን ሲባል በብዛት ስንዴ፣ በስኮትላንድ ደግሞ አጃ ይታሰብ ነበር፤ ያገሩ ዋና እህል የትኛው ነው ነው ነገሩ። ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ሰፋሪዎች አዲሱን ተክል «ኢንዲያን ኮርን»፣ የአሜሪካ ሕንዶች እህል አሉት። ውሎ አድሮ «ኢንዲያን» ተጣለና ኮርን ብቻውን በቆሎ ሆኖ ቀረ።

የእኛም ሰው እንግዳውን ተክል በሚያውቀው እህል ነው የሰየመው። በቆሎን «የባሕር ማሽላ» የሚሉ አሉ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ ለማለት ነው፣ ልክ እንደ ባሕር ዛፍ። ልዩነቱ እኛ እህልን ለበቆሎ ብቻ አለመስጠታችን ነው። እንዲያውም አሰፋነው፤ «እህል ከቀመስኩ ሁለት ቀኔ» የሚል ሰው ስለ ምግብ ሁሉ ነው የሚናገረው።

«እሸት» ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ልጅ በክረምት መውጫ «እሸት» ሲሰማ ከሰል ላይ የሚጠበሰው በቆሎ ነው የሚታየው። ገበሬው ግን የስንዴም፣ የገብስም፣ የባቄላም እሸት አለው። ደቀ መዛሙርቱ በሰንበት የቀጠፉትም እንዲህ ያለው ነው፤ በእጅ አሽተው የሚበሉት ያልደረቀ እህል። በእንግሊዝኛው «ኢርስ ኦፍ ኮርን» ሲል «ኢር» ዛላ ነው፤ ከጆሮ ጋር በድምፅ ተገናኘ እንጂ በጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ነበሩ።

ገጠር ያደገ ሰው ቋንቋ ሳይማር ከዘዳግም 25 ይህንኑ ማወቅ ይችላል። እዚያ በሬው «ኮርን» ሲያበራይ አፉ እንዳይታሰር ታዟል። በአውድማ በበሬ የሚበራየው ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ነው፤ በቆሎ ይፈለፈላል።

ስለዚህ ልጆቹን «እህል» በሏቸው፤ ለሥዕሉም የስንዴ ዛላ አሳዩአቸው፤ ብዙዎቹ አይተውት አያውቁ ይሆናል። የቅርቦቹ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች በኮርን ፈንታ «ግሬይን» ስለሚሉ አንዱን አጠገቡ አድርጎ ማንበብም ይረዳል። ለተርጓሚዎችም አንድ አደራ አለኝ፦ ብሪታንያ ከ1815 እስከ 1846 የውጭ ስንዴና ሌላ እህል እንዳይገባባት ቀረጥ የጣለችባቸው «ኮርን ሎውስ» የእህል ሕጎች ናቸው፤ «የበቆሎ ሕግ» አትበሏቸው።