የግቢ ጥድ ለምን ይደርቃል? ጥያቄና መልስ

ችግኝ በማፍላትና የግቢ ዛፎችን በመንከባከብ ሥራ ብዙ ዓመት በመቆየቴ፣ ስለ ጥድ መድረቅ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አጥር ያደረግነው የፈረንጅ ጥድ ከውስጥ በኩል ቡናማ ሆኖ ይረግፋል፤ ጫፉ ግን አረንጓዴ ነው። በሽታ ነው?

መልስ፦ ብርሃን የማያገኘው አሮጌ ቅጠል ብቻ ከረገፈ ጤነኛ ነው፤ ጥድም ቢሆን ቅጠሉን ይቀይራል። ቀንበጡ ከነቅጠሉ እየደረቀ ቡናማው ወደ ውጭ የሚሰፋ ከሆነ ግን የቀንበጡን ፈሳሽ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ የሆነውን የጥድ ክሽክሽን ይጠርጥሩ። ይህ ተባይ እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ፣ በ1990 ደግሞ ኬንያ ውስጥ ታይቶ የነበረ ሲሆን፣ በኋላም ወደ አገራችን ዘልቋል። ከቅርንጫፉ ሥር ነጭ ወረቀት ዘርግተው ያራግፉት፤ ግራጫ መሰል ቡናማ፣ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ነፍሳት ሲንቀሳቀሱ ካዩ፣ ቅጠሉም የሚያጣብቅና ጥቀርሻ የለበሰ ከሆነ፣ ጉንዳንም በግንዱ ላይ ከተመላለሰ፣ ጥርጣሬዎ ልክ ነው። ክሽክሹ ሲመጥ የሚተፋው ምራቅ ቀንበጡን ስለሚመርዝ፣ ተባዩ ከጠፋ በኋላም መድረቁ ለጥቂት ጊዜ ሊቀጥል ይችላልና ተስፋ አይቁረጡ።

ጥያቄ፦ ምን ልርጭበት?

መልስ፦ በቅድሚያ ውስጡን በኃይለኛ የውሃ ግፊት ይጠቡት። ቀጥሎ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው፣ በጥቂት ቅርንጫፍ ላይ ሞክረው፣ ፀሐይ ሲበርድ ነፍሳቱ እስኪርሱ ድረስ ይርጩ፤ ከሳምንት በኋላም ይድገሙት። ጠንካራ መርዝ ክሽክሹን የሚበሉትን ጥንዚዛዎች አብሮ ስለሚፈጅ እኔ የመጨረሻ አማራጭ አደርገዋለሁ።

ጥያቄ፦ የደረቀውን እስከ ግንዱ ብከረክመው ያቆጠቁጣል?

መልስ፦ አያቆጠቁጥም። ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም፤ አረንጓዴ ቅጠል ያልቀረበት ቅርንጫፍ እንደ ራቁቱ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ግቢውን አስተካክለን ሸክላ ካነጠፍን ወዲህ ትልቁ የአበሻ ጥዳችን ከአናቱ እየደረቀ ነው። በየቀኑ ውሃ እናጠጣዋለን።

መልስ፦ ዛፉ የተጎዳው ከሥሩ ይመስለኛል። ሥሩ ሲቆረጥ፣ አፈር ሲከመርበት ወይም አየር ሲያጣ አናቱ ቀድሞ ይደርቃል፤ ምልክቱም ከዓመት በላይ ዘግይቶ ሊታይ ስለሚችል ባለቤቱ ከግንባታው ጋር አያያይዘውም። ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ እስኪታይ የተከመረውን አፈር በእጅ ያንሱ፤ በዙሪያው ያለውንም ንጣፍ የቻሉትን ያህል ያስነሱ። መሬታችሁ ዋልካ ከሆነ የዕለት ዕለቱ ውሃ ሥሩን ያበሰብሳል፤ በበጋ ጣትዎን አስገብተው አፈሩ ከደረቀ ብቻ፣ አልፎ አልፎ ግን በጥልቀት ያጠጡ።

ጥያቄ፦ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ደርቆ ሙጫ ያፈሳል።

መልስ፦ በፈንገስ የሚመጣ የቅርፊት ቁስል ሊሆን ይችላል። የሚያድን ርጭት ስለሌለው ቅርንጫፉን ከቁስሉ በታች ጤነኛው ላይ ይቁረጡ፣ መጋዙን በአልኮል ይጥረጉ፣ የተቆረጠውንም ያቃጥሉ። ቁስሉ ግንዱን ከዞረ ዛፉ አይተርፍም።

ጥያቄ፦ ከታች፣ በመንገዱ በኩል ብቻ ነው የደረቀው።

መልስ፦ ውሻ አላችሁ?