ከአይቤክስ እስከ ሮሃ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ስለ ሮሃ ባንድ የሚከነክናችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ከሰኞ ገበያ፦ ጋሼ፣ አይቤክስና ሮሃ አንድ ባንድ ናቸው ወይስ ሁለት?

ሥሩ አንድ ነው። አይቤክስ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ራስ ሆቴል ይጫወት ነበር። ቤዝ ጊታሩን ጆቫኒ ሪኮ፣ ሊድ ጊታሩን ሰላም ሥዩም ይዘውታል። 1970ዎቹ ሲገቡ የተወሰኑ አባላት ተቀያየሩና ሮሃ ተባለ። ሁለቱ ሰዎች ግን አብረው ቀጠሉ። ለእኔ የባንዱ አከርካሪ እነሱ ናቸው። ሌላው ሁሉ ሲለዋወጥ የቤዙና የጊታሩ ንግግር አልተቋረጠም።

ከሆጤ፦ አባቴ የማህሙድ አህመድን "ኧረ መላ መላ" ሲሰማ "ይሄ ነው አይቤክስ!" ይላል። እውነቱን ነው?

እውነቱን ነው፤ ሰላም በልልኝ። የተቀዳው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። እስቲ ድምፁን ከፍ አድርገህ ስማው። ሳክስፎኑ ከማህሙድ ጋር ይመላለሳል። ጊታሩ ከሥር አጭር አጭር እየመታ ይሄዳል። ቤዙ ደግሞ ዘፈኑን ተሸክሞ ይዞራል እንጂ አንድ ቦታ አይቆምም።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ ሥራ አውሮፓ ውስጥ በሰፊው የተሰማው ክራምድ ዲስክስ የተባለ የቤልጅየም አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1986 ካወጣው በኋላ ነው። ከተቀዳ 11 ዓመት አልፎታል ማለት ነው። ፈረንጆቹ "አዲስ ድምፅ አገኘን" ብለው ሲደነቁ፣ እኛ ዘንድ እነዚያው ልጆች በኪቦርድ ሌላ ዓለም ውስጥ ገብተው ነበር። ውጭ አገር ያለ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲያወራ 1960ዎቹ ላይ ቆሞ የሚቀረው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከኮምቦልቻ፣ አንዲት እህት፦ ያ ሁሉ ትራምፔትና ሳክስፎን ወዴት ገባ? ለምን ኪቦርድ ብቻ ሆነ?

እህቴ፣ ትልቁን ጥያቄ የጠየቅሽው አንቺ ነሽ። ብዙ ሰው "ጣዕማቸው ስለወረደ ነው" ይላል። እኔ በፍጹም አልስማማም።

መጀመሪያ ሌሊቱ ተወሰደ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊ መጣ። ባንድ የሚያድገው ደግሞ ሌሊት ነው። በየምሽቱ ሰው እያስጨፈረ፣ ዜማውን እያስረዘመ፣ የጭፈራውን ወለል እያየ ይለውጣል። ሰዓት እላፊ ሲመጣ ወይ በጊዜ መዝጋት ነው፣ ወይ በር ቆልፎ እስኪነጋ መጫወት። ብዙ ቤቶች ጠፉ። የቀሩት የትልልቅ ሆቴል ባንዶች ናቸው።

ከዚያ ሸክላ ቆመ። ያን ሁሉ ሸክላ ያሳተመው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአገር ወጣ። የሌላው አሳታሚ፣ የካይፋ፣ ሸክላዎችም ብዙ አልቆዩም። ቦታውን ካሴት ያዘው። ሸክላ ላይ አንድ ዘፋኝ ሁለት ዘፈን ይዞ ይመጣ ነበር፤ አንዱ በፊት፣ አንዱ በጀርባ። ካሴት ግን አሥር ምናምን ዘፈን ይፈልጋል። ሙዚቃ ቤቱ ለበዓል እንዲደርስለት ያጣድፋል። ለአሥር ዘፈን የነፋሾችን ክፍል እየጻፉ፣ ሦስት አራት ሰው እያለማመዱ መቅዳት ጊዜም ገንዘብም ይበላል። በዚያ ላይ ሲንተሳይዘር ገባ። አንድ ሰው በሁለት እጁ የትራምፔቱንም የቫዮሊኑንም ቦታ ይሸፍናል። የሮሃ ኪቦርድ ተጫዋችና አቀናባሪ የነበረውን ዳዊት ይፍሩን ስትሰሚ ይሄ ይገባሻል። ነፋሹ ይጫወተው የነበረውን መልስ እሱ በጣቱ ይመልሰዋል።

ሳክስፎንም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም። የፈቃዱ አምደ መስቀል ሳክስፎን በሮሃም ውስጥ አለ። ከመድረኩ ፊት ወደ ኋላ ሄደ እንጂ አልወጣም።

ከፒያሳ፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የሮሃ ካሴቶች ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ዘፋኙ ይቀየራል፣ ሙዚቃው ያው ነው።

ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። በእነዚያ ዓመታት ኤፍሬም ታምሩም፣ ነዋይ ደበበም፣ አስቴር አወቀም፣ ማህሙድም ከጀርባቸው ሮሃ ነበር። አንድ ባንድ የአንድ ትውልድ ጀርባ ሲሆን ድምፁ መመሳሰሉ አይቀርም። ግን "ያው ነው" የሚለውን አልቀበልም።

እስቲ የኤፍሬምንና የነዋይን አከታትለህ ስማ። ዘፋኙን ለጊዜው ተወው፣ ጆሮህን ቤዙ ላይ አድርግ። ለኤፍሬም ቦታ እየለቀቀ፣ እየጠበቀው ይሄዳል። ነዋይ ላይ ይገፋል፣ ይቀድመዋል። ለእያንዳንዱ ድምፅ አካሄዱን የሚለውጥ ባንድ ሰነፍ ባንድ አይደለም። የ1970ዎቹ ሮሃ ከአይቤክስ ያነሰ ነው ብዬ አላምንም። ሥራው ተለወጠ። አይቤክስ ሰው ለማስጨፈር ይጫወት ነበር። ሮሃ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ግጥሙን እንዲሰማ ይጫወት ነበር። ሰዓት እላፊ ባለበት አገር ሰው ሙዚቃ የሚሰማው የት ነው? ቤቱ ነዋ!

አንድ ነገር ግን አምንልሃለሁ። በዘመኑ መጨረሻ ላይ የኪቦርዱ ቃና አንዳንዴ ይሰለቻል።

ከቧንቧ ውሃ፦ እኛ ወሎዎች ነን። ባቲና አምባሰል በእነሱ እጅ ምን ሆኑ?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ናት፤ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ውጫሌ ያለችበት። የአገሪቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሲቆጠሩ ከአራቱ ሁለቱ የጎረቤቶቻችንን ስም ይዘዋል። ትዝታም ቢሆን ያለ ወሎ አይወራም።

ትዝታ ለዘመናዊ ባንድ ይመቻል። ጊታርም ኪቦርድም ሳይቸገሩ ያጅቡታል። አምባሰል ግን ከባድ ነው። ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ይልና ወዲያው ሩቅ ይዘላል። የፈረንጅ ኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች፣ ከሥሩ ብታነጥፍለት ዜማው ይፈርሳል። ባቲም የራሱ ጠመዝማዛ አለው። ስለዚህ ብልህ ጊታር ተጫዋች ኮርዱን ይተውና እንደ ክራር ዜማውን ተከትሎ ይመታል። ሰላም ሥዩም በዚህ ጎበዝ ነው። እኔ እሱን የምወደው በፍጥነቱ ሳይሆን በዚህ ነው፤ ቅኝቱን አያስጨንቀውም።

ኪቦርዱ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ማሲንቆ በሁለት ድምፅ መሀል ይንሸራተታል፣ ያለቅሳል። የዚያን ዘመን ኪቦርድ ቁልፉን ስትነካው ያንኑ ድምፅ ብቻ ይሰጥሃል። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን በማሲንቆ ስትለው ስሙና በኪቦርድ ከታጀበ አምባሰል ጋር አስተያዩት። ልዩነቱን ለማወቅ የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልግም፤ ሆድ ይነግራል። ከለውጡ ሁሉ እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ነፋሾቹ ቢቀሩ እችለዋለሁ። የአምባሰል እንባ መድረቁን ግን አልችለውም።

ከአራዳ፦ ዋሊያስ ባንድስ?

ሌላ መንገድ ነው የሄዱት። ሂልተን ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት "ቼ በለው" ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ አልበም ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለዝግጅት ሄደው ግማሾቹ እዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘር ጋር አዋህዶ ብቻውን ሠራ። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም አወቀው፤ እስከዚያው ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር።

ከሮቢት፦ ሮሃዎች የት ደረሱ?

ሰላምና ጆቫኒ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ባንዱም በዚያው አበቃ። ሰላም የታሪክ ተማሪም ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ የጻፈው ስለ ዘመናዊ የኢትዮጵያ ሙዚቃ አጀማመርና እድገት ነው። ራሱ የተጫወተበትን ነገር ሥሩ ድረስ ወርዶ ያጠና ሰው በመሆኑ እኮራበታለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ ቤታችን አንድ ካርቶን የድሮ ካሴት አለ። ምን ላድርገው?

እባክህን እንዳትጥለው! ደሴ ብትሆን ጉሙና እርጥበቱ ያሰጋ ነበር፤ ኮምቦልቻ ትንሽ ይሻላል። ሻጋታ ካየህ ቴፕ ውስጥ አትክተተው፣ ቴፑንም ካሴቱንም ታበላሻለህ። ደህና የሆኑትን በእስክሪብቶ ትንሽ አዙረህ ክሩ እንዳልተጣበቀ እይ። ከስፒከር አርቀህ፣ አቁመህ አስቀምጥ። ስትገለብጠው የስልክህን ማይክ ቴፑ ፊት አትደቅን። ከቴፑ ወደ ኮምፒውተር በገመድ አገናኝና ቅዳ፤ ካሴቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ። ሽፋኑንም ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንሳ። የዘፋኙን ስም ሁሉም ያውቀዋል፤ ማን ቤዝ እንደመታ፣ ማን እንዳቀናበረ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያች ወረቀት ላይ ብቻ ነው።